ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፤ በወረራው ዘመን የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩ አሜሪካዊ አብራሪ

ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የአገሪቱ አየር ኃይል አዛዥ ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። በእጃቸው የነበሩት አውሮፕላኖች ከአሥራ ሁለት ብዙም የማይበልጡ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል በእርግጥ መብረር የሚችሉት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ወራሪው ኃይል በበኩሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቦምብና የተዋጊ አውሮፕላኖችን አሰልፎ ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የአየር ውጊያ መግጠም የማይታሰብ ስለነበር፣ ሮቢንሰንና ጓዶቻቸው የተሰማሩት ትእዛዝ በማድረስ፣ መድኃኒት በማመላለስና የጠላትን አሰላለፍ በመቃኘት ላይ ነበር። ከአሥራ ስምንት ዓመታት በኋላ ሕይወታቸውን ያሳጣቸውም ይኸው የመልእክተኛነት ሥራ ነው።

ሮቢንሰን የተወለዱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አባታቸውን ገና በሕፃንነታቸው ስላጡ እናታቸው ሴለስት ወደ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ወደ ገልፍፖርት ከተማ ይዘዋቸው ተሻገሩ። በዚያም እናታቸው ቻርልስ ኮብ የተባሉ የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ አገቡ። ጆንም ያደጉት በእኒህ እንጀራ አባት እጅ ነው። በልጅነታቸው አውሮፕላን በከተማቸው ላይ ሲበር ያዩት ጆን፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከአብራሪነት ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። ይሁንና በዚያ ዘመን በደቡባዊ አሜሪካ ጥቁሮች በትምህርት ቤት፣ በባቡር፣ በሆስፒታል፣ በመቃብር ቦታ ሳይቀር ከነጮች ተለይተው ይኖሩ ስለነበር፣ አንድ ጥቁር ልጅ አብራሪ ለመሆን መመኘቱ ራሱ ለሰሚው እንግዳ ነገር ነበር።

ቤተሰቡ ተቸግሮም ቢሆን አላባማ ወደሚገኘው የተስኪጊ ተቋም ላካቸው። ተስኪጊ ቡከር ዋሽንግተን የመሠረቱት፣ ጥቁር ወጣቶችን የእጅ ሙያ የሚያስተምር ስመ ጥር ትምህርት ቤት ነው። ሮቢንሰን በዚያ የአውቶሞቢል መካኒክነት ተምረው በ1916 ዓ.ም. ገደማ ተመረቁ። ትምህርት ቤቱ በረራ አያስተምርም ነበር። ከምረቃ በኋላ ወደ ሰሜን ተጉዘው በመጨረሻ ቺካጎ ከተማ ተቀመጡ፤ ጋራዥ ውስጥም መሥራት ጀመሩ።

በቺካጎ ከርቲስ ራይት የተባለ ታዋቂ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን ደጋግመው አመለከቱ፤ ትምህርት ቤቱ ግን በቀለማቸው ምክንያት አልተቀበላቸውም። ከእርሳቸው በፊት ቤሲ ኮልማን የተባሉት ወጣት ሴት በተመሳሳይ ምክንያት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተከልክለው፣ ፈረንሳይ ድረስ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1921 የአብራሪነት ፈቃድ አግኝተው ነበር። ሮቢንሰን ግን ወደ ሌላ አገር የሚሄዱበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። በዚያው ትምህርት ቤት የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። መጥረጊያቸውን ይዘው በመማሪያ ክፍሉ የኋላ ጥግ ይቆማሉ፤ መምህሩ የሚናገረውን ያዳምጣሉ፤ ተማሪዎቹ ሲወጡ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን ይገለብጣሉ።

የተማሩትንም ብቻቸውን ይዘው አልቀሩም። ኮርኒሊየስ ኮፊ ከተባሉት የሙያ ጓደኛቸውና ከሌሎች ጥቁር ወጣቶች ጋር ማኅበር አቋቁመው፣ ተገጣጣሚ የሆነች ትንሽ አውሮፕላን ገዝተው፣ የሞተር ብስክሌት ሞተር ገጠሙላት። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ አውሮፕላኗን መርምሮ ራሱ ካበረራት በኋላ፣ እነዚህ ሰዎች ወደ ክፍል እንዲገቡ ተከራከረላቸው። በዚህ መንገድ ሮቢንሰንና ኮፊ ገብተው ተመረቁ። ከዚያም ሮቢንሰን በዚያው ትምህርት ቤት ለጥቁር ተማሪዎች በተከፈተው ክፍል መምህር ሆኑ። በነጮች አውሮፕላን ማረፊያ እንዳያርፉ ስለተከለከሉም ማኅበራቸው ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኘው ሮቢንስ በተባለች የጥቁሮች መንደር የራሱን ማረፊያ ሜዳ አዘጋጀ። ሜዳው ብዙም ሳይቆይ በዐውሎ ነፋስ ተመታ፤ እነርሱ ግን ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሮቢንሰን በምረቃቸው አሥረኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ ለመገኘት አውሮፕላን እያበረሩ ወደ ተስኪጊ ሄዱ። የጉዟቸው ዋና ዓላማ ተቋሙ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ማሳመን ነበር። በወቅቱ ጥያቄያቸው ምላሽ አላገኘም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ተስኪጊ የጥቁር ወታደራዊ አብራሪዎች ማሠልጠኛ ሆነ፤ ከዚያ የወጡት አብራሪዎችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው ገነነ። ዛሬ በአሜሪካ የእነዚያ አብራሪዎች ታሪክ ሲነሳ የሮቢንሰን ስም በመነሻው ላይ ይጠቀሳል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡበትን መንገድ የከፈቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ዜና አገልግሎት መሥራች የነበሩት ክሎድ ባርኔት ናቸው። እርሳቸውም የተስኪጊ ምሩቅ ነበሩ። ሁለተኛው በዋሽንግተን ከተማ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ሙሶሊኒ በምሥራቅ አፍሪካ ጦር ማከማቸት በጀመረበት ወቅት ሮቢንሰን አገሪቱን ለማገልገል ፈቃደኛ መሆናቸውን ለባርኔት ገለጹ፤ ባርኔት ለዶክተር መላኩ አስተላለፉ፤ ጉዳዩም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቀረበ። ግብዣው በደረሳቸው ጊዜ ሮቢንሰን በቺካጎ የራሳቸው ተማሪዎችና የራሳቸው ሥራ ነበራቸው። ያንን ትተው፣ የጉዟቸውን ዓላማ ሳያስወሩ በመርከብ ተሳፍረው በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

በዚያን ጊዜ አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር። የመጀመሪያው፣ ፖቴዝ 25 የተባለው ፈረንሳይ ሠራሽ አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጣው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ሮቢንሰን ሲደርሱ የጠበቃቸው እንግዲህ የተለያየ አገር ሥሪት የሆኑ፣ መለዋወጫቸው የማይመሳሰል፣ አንዳንዶቹም ሞተራቸው የደከመ አውሮፕላኖችና ጥቂት አብራሪዎች ነበሩ። በዚህ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት አዲስ አበባ አየሯ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይሻል። በቺካጎ ሜዳማ ምድር የሠለጠነ አብራሪ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

ሌላም ፈተና ነበር። ትሪኒዳድ የተወለዱትና በኒውዮርክ ዝናቸው የናኘው ሁበርት ጁሊያን የተባሉ ጥቁር አብራሪ ከሮቢንሰን በፊት በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ይታወቁ ነበር። ጁሊያን በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ አስቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አውሮፕላን ከስክሰው ከአገር እንዲወጡ ተደርገው፣ ጦርነቱ ሲቃረብ ተመልሰው መጥተዋል። ሁለቱ ሰዎች በባሕርይ የማይጣጣሙ ነበሩና በ1927 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ እስከ መደባደብ ደረሱ። ወሬው በውጭ አገር ጋዜጦች ተሠራጨ፤ አገሪቱ የዓለምን ወዳጅነት በምትሻበት ሰዓት ነገሩ አሳፋሪ ነበር። በመጨረሻ ጁሊያን ከአቪዬሽን ሥራ ተነሡ፤ የአየር ኃይሉ አመራርም ለሮቢንሰን ተሰጠ።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲጀመር ሮቢንሰን መልእክት ለማድረስ በሄዱበት በዓድዋ ነበሩ። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በዚያ ማለዳ ከተማይቱን ሲደበድቡ፣ ቤቶች ሲነዱና ሰላማዊ ሰዎች ሲወድቁ በዓይናቸው ተመለከቱ። ያዩትን በደብዳቤ ለባርኔት ጽፈው ላኩ፤ የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦችም አወጡት። በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚኖሩ አንባቢዎች የዓድዋን ድብደባ ከአንድ የአገራቸው ሰው ምስክርነት ሰሙ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሰባት ወራት እንቅልፍ የሌለባቸው ነበሩ። የኢትዮጵያ ጦር በሰሜንና በደቡብ በሰፊ ግንባር ተዘርግቶ ሳለ የስልክ መሥመር በጥቂት ስፍራዎች ብቻ ይገኝ ነበር፤ የሬዲዮ መልእክትንም ጠላት ይጠልፈዋል። በእግርና በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀውን መንገድ አውሮፕላን በሰዓታት ያደርሳል። ስለዚህ ከንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጦር አዛዦች፣ ከአዛዦቹም ወደ መናገሻዋ የሚላከው ደብዳቤ በሮቢንሰንና በባልደረቦቻቸው ተጓጓዘ፤ መድኃኒትና የቁስል ማሰሪያም እንዲሁ። ንጉሠ ነገሥቱንም ራሳቸውን ይዘው የበረሩበት ጊዜ ነበር።

የሚያበሩት ፖቴዝ አብራሪው ከወገቡ በላይ ለነፋስ የሚጋለጥበት፣ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ነው። ከኢጣሊያ አዳዲስ አውሮፕላኖች ጋር በፍጥነት ሊወዳደር ስለማይችል፣ ያለው መከላከያ ደመናና ተራራ ብቻ ነበር። ሮቢንሰን ሲያሳድዷቸው ወደ ሸለቆ ዝቅ ይላሉ፤ አለዚያም በደመና ውስጥ ይሰወራሉ። ሁልጊዜ ግን አልሆነላቸውም፤ ቆስለዋል፣ አውሮፕላናቸውም በጥይት ተበሳስቷል። ጠላት ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱና በሕዝቡ ላይ ባዘነበ ጊዜ የቃጠሎውን ጉዳት ከላይ ሆነው ብቻ አላዩትም፤ እነርሱም ደርሶባቸዋል። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ስትደበደብ ቀይ መስቀል ምልክት የተደረገባቸው የሕክምና ድንኳኖች እንኳ አልተረፉም ነበርና፣ መድኃኒት ማመላለስ ከውጊያ ያነሰ አደጋ ነበረው ማለት አይቻልም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ የሚበር አውሮፕላን አልቀረም ማለት ይቻላል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ሲወጡ፣ የጠላት ጦርም በሦስተኛው ቀን ሲገባ፣ የሮቢንሰን ተልእኮ ያበቃ መሰለ። በግንቦት ወር ኒውዮርክ ሲደርሱ በሐርለም፣ ቀጥሎም በቺካጎ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። ጋዜጦች ቡናማው ኮንዶር የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው፤ ኮንዶር በአሜሪካ ተራሮች ላይ የሚያንዣብብ ትልቅ አሞራ ነው። ሮቢንሰን ከከተማ ከተማ እየዞሩ ስለ ኢትዮጵያ ተናገሩ፤ ለአገሪቱ እርዳታ እንዲሰበሰብም ጣሩ፤ በቺካጎም በስማቸው የሚጠራ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ለአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን መካኒኮችን አስተማሩ።

በዚህ ላይ ታሪካቸው ቢያበቃ አንድ የጀግና ስም በቂያቸው ነበር። ትምህርት ቤት አላቸው፣ ስም አላቸው፣ አገራቸውም በጥቁር አብራሪዎች መጠቀም ጀምራለች። ሆኖም ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ አየር ኃይሏን ከባዶ ለመጀመር ጥሪ ስታቀርብ፣ በ1936 ዓ.ም. ጥቂት የሙያ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ዳግመኛ መጡ። ወጣት ኢትዮጵያውያንን ሰብስበው በረራና የሞተር ጥገና ማስተማር ጀመሩ። መማሪያ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ፣ አውሮፕላኖቹ ጥቂት፣ ነዳጁም በልክ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም፣ በአገሪቱ ስለ አውሮፕላን የሚያውቅ የሠለጠነ ወጣት መገኘት ጀምሮ ነበር። ይህም በአብዛኛው የእነ ሮቢንሰን የማስተማር ድካም ውጤት ነው።

ከዚያ የመጣው ግን የሚያስደስት አልነበረም። መንግሥት አየር ኃይሉን ለማደራጀት የስዊድን ባለሙያዎችን ቀጠረ፤ መሪያቸውም ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሆኑ። ፎን ሮዘን ራሳቸው በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረሩ ኢትዮጵያን ያገለገሉ ደፋር ሰው ናቸው። ሁለቱ የቀድሞ የጦር ሜዳ ባልንጀሮች ሊባሉ ሲገባ በሥልጣንና በአሠራር ተጋጩ፤ ጠቡም በ1940 ዓ.ም. ገደማ እጅ እስከ መማዘዝ ደርሶ ሮቢንሰን ለእስር ተዳረጉ። ከአየር ኃይሉም ለቀቁ። ከጁሊያን ጋር ከነበረው ጠብ ጋር ሲታይ ሰውየው ቁጣቸው ፈጣን እንደነበረ መካድ አይቻልም፤ ቀለማቸውን ምክንያት አድርጎ የሚሰነዘር ንቀትን ግን ከቺካጎ ጀምረው ያውቁት እንደነበር ሊዘነጋ አይገባም። ፎን ሮዘን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ ተገድለዋል። የተጣሉት ሁለቱ አብራሪዎች የሞቱት በዚህችው አገር መሆኑ ነው።

ሮቢንሰን ከሥልጣን ሲወርዱ ወደ አሜሪካ አልተመለሱም። አዲስ አበባ ተቀምጠው በግል ሥራና በበረራ ማስተማር ኖሩ። ሰው ቢታመም፣ ራቅ ባለ ስፍራ አደጋ ቢደርስ፣ መንገድ በማይደርስበት ቦታ መድኃኒት ቢያስፈልግ የሚጠሩት እርሳቸው ነበሩ።

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. መጀመሪያ እንዲሁ ተጠሩ። ለሕክምና የሚያስፈልግ ደም በአስቸኳይ ማድረስ ነበረባቸው። አንድ ኢጣሊያዊ መሐንዲስ አብረዋቸው ተሳፈሩ፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በጠላትነት የተሰለፉ የሁለት ወገን ሰዎች ናቸው። የተነሡባት ትንሽ አውሮፕላን ብዙም ሳትርቅ አዲስ አበባ ላይ ወድቃ በእሳት ተያያዘች። ኢጣሊያዊው ሕይወታቸው አለፈ። ሮቢንሰን በከባድ ቃጠሎ ተጎድተው ሆስፒታል ገቡ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሞት ጋር ከታገሉ በኋላ መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ ነበር።

የአዲስ አበባ ሕዝብ በብዛት ወጥቶ አስከሬናቸውን ሸኘ። የተቀበሩትም በሰሜን አዲስ አበባ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ጋር በሚዋሰነው ጉለሌ ነው። አካባቢው ለሌላም የውጭ አገር ሰው ታሪክ ቅርብ ነው፤ ሮቢንሰን ከሞቱ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በኮልፌ ነበር። የማንዴላን የኮልፌ ቆይታ የሚያውቀው ነዋሪ ብዙ ነው፤ በጉለሌ ያረፉትን አብራሪ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ከሮቢንሰን ዕረፍት በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን በአዛዥነት ያበረሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ።